ክብደት ጠላቱ የነበረው ኮሊን ቻፕማን

ማስል ካር እየተባሉ የሚጠሩት የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች ወዳጆች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው፡፡ ፋብሪካው የገጠመውን የብረት ኮፈን ፈትተው በምትኩ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ኮፈን ይገጥማሉ፡፡ ምክንያቱ ክብደት ነው፡፡ ከባድ ሞተር የተሸከመው የመኪናው አፍንጫ ጥቂት ኪሎ በተቀነሰለት ቁጥር መኪናው ለመነሳትም፣ ለመታጠፍም፣ ለመቆምም ይቀለዋል፡፡ ፎርድ ኩባንያ ራሱ በ1964 ለአጭር ርቀት ውድድር ያዘጋጀውን ተንደርቦልት የተባለ መኪና በፋይበር ግላስ ኮፈን ነበር ያወጣው፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሥራው ግን ከሩቅ ሲያዩት እንደሚመስለው አይደለም፡፡ የብረት ኮፈን በከባድ መጭመቂያ ማሽን ተመትቶ ስለሚወጣ ሺህኛው ከመጀመሪያው አይለይም፡፡ የፋይበር ግላስ ኮፈን ግን በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የመስታወት ጭረት ምንጣፍ እየተነጠፈ፣ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ፕላስቲክ እየተቀባ ነው የሚሠራው፡፡ ሬዚኑ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጠርዙም ትንሽ ይጣመማል፡፡ ስለዚህ ባለሙያው ቀለም ከማሰቡ በፊት ኮፈኑን እንዳለ ገጥሞ ከፓራፋንጎው ጋር ያለውን ክፍተት ግራና ቀኝ ይለካል፡፡ የተረፈውን ይሞርዳል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ፈትቶ ደግሞ ይገጥማል፡፡ ከዚያ ኮፈኑ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ ተቀብቶ የነበረውን ሰም አጥቦ ያስለቅቃል፤ ሰሙ ከቀረ ቀለሙ አይዝም፡፡ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ የአየር አረፋ የተዋቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በስቱኮ ይደፍናል፣ የመጀመሪያውን ቀለም ይረጫል፣ እንደገና ይፍቃል፡፡ ዓይን የሚያየው የመጨረሻው ቀለም የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፡፡

በዚህም አያበቃም፡፡ የድሮው ማጠፊያ ስፕሪንግ የተሠራው ለከባዱ ብረት በመሆኑ ቀላሉን ኮፈን ወደ ላይ እየገፋ ያጎብጠዋል፡፡ በፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ሊያነሳው ይችላል፡፡ ስለዚህ ስፕሪንጉ በቀለለ ይለወጣል፣ ከፊት በኩል ማሰሪያ ፒኖች ይጨመራሉ፡፡ ብረቱ ሲወጣ፣ ብረቱ ሲሠራው የነበረው ሥራ አብሮ አይወጣም፡፡ አንድ ሌላ ነገር ያን ሥራ ሊረከበው ግድ ነው፡፡

ይህን እውነት ከብዙዎች በላይ በጥበብ የተጠቀመበት፣ ከብዙዎች በላይም የተፈተነበት ሰው የሎተስ መኪኖች መሥራች እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን ነው፡፡ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው፡፡ የዚህን ሰው ታሪክ ደጋግሜ ያነበብኩትም የሠራቸው መኪኖች ስለሚያምሩ ብቻ አይደለም፡፡ ቻፕማን የተፈጥሮን ሕግ በሚያነብበት ዓይን የመንግሥትንና የውድድርን ሕግ ያነብ ነበር፡፡ ሕይወቱም የተጠናቀቀው ፍርድ ቤት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው፡፡

አንቶኒ ኮሊን ብሩስ ቻፕማን በግንቦት ወር 1928 ለንደን አጠገብ ሪችመንድ ውስጥ ተወለደ፡፡ አባቱ በሰሜን ለንደን ሆርንዚ በተባለው ሰፈር ሬይልዌይ ሆቴል የሚባል መጠጥ ቤት ያስተዳድር ነበር፡፡ ልጁ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ስትራክቸራል ምህንድስና፣ ማለትም የሕንፃና የድልድይ ሸክም ስሌት አጠና፡፡ በዩኒቨርሲቲው የአየር ጓድ ውስጥም አውሮፕላን ማብረር ተማረ፡፡ እነዚህ ሁለት ትምህርቶች በኋላ የሠራውን ሥራ በሙሉ ያስረዳሉ ብል አልተሳሳትኩም፡፡ ድልድይ የሚያሰላ ሰው እያንዳንዱ ኪሎ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ይጠይቃል፡፡ አውሮፕላን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያለ ሥራ የተቀመጠ ብረት አይታገስም፡፡

ቻፕማን ተማሪ ሳለ ያገለገሉ መኪኖች ይነግድ ነበር፡፡ ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው፡፡ በ1947 መገባደጃ ላይ መንግሥት ለግል መኪና ይሰጥ የነበረውን የቤንዚን ራሽን ሲያቋርጥ ንግዱ ፈረሰ፡፡ ሳይሸጥ እጁ ላይ የቀረውን አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ቦዲውን ገፎ በኮምፖርሳቶና በአሉሚኒየም አልብሶ የውድድር መኪና አደረገው፡፡ ዛሬ የመጀመሪያዋ ሎተስ የምትባለው ይህች መኪና ናት፡፡ ከዚያም በብሪቲሽ አሉሚኒየም ኩባንያ ተቀጥሮ እየሠራ በትርፍ ሰዓቱ መኪና መገንባቱን ቀጠለ፡፡ በ1952 መግቢያ ላይ ሎተስ ኢንጂነሪንግን ሲያቋቁም መነሻ ካፒታሉ በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ሄዘል ዊልያምስ ያበደረችው 25 ፓውንድ፣ አድራሻው ደግሞ ከአባቱ መጠጥ ቤት ጀርባ የነበረ የፈረስ ጋጣ ነበር፡፡

በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችው ትንሽ መኪና ወጣች፡፡ ሰቨን በር የላትም፣ ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ ከሞተርና ከጎማ ሌላ ብዙም ነገር የላትም፡፡ የኔን ትኩረት የሳበው ግን የአሸጣጧ መንገድ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሙሉ መኪና የሚገዛ ሰው ከፍ ያለ የግዢ ታክስ ይከፍል ነበር፡፡ ዕቃውን በትኖ ገዝቶ ቤቱ ለሚገጣጥም ሰው ግን ታክሱ አይደርስበትም፡፡ ቻፕማን ሰቨንን በሳጥን በትኖ ሸጠ፡፡ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ሲነገር የኖረ አንድ ጨዋታም አለ፡፡ ደንቡ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሸጥ ይከለክል ስለነበር ሎተስ ለደንበኛው የመፍቻ መመሪያ ይሰጠዋል፤ ደንበኛው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ያነባል ይባላል፡፡ የጉምሩክ ታሪፍን የሚያውቅ የአገራችን አንባቢ በዚህ ብዙም አይገረምም፡፡ ሕጋዊ በሆነ መንገድ ታክስን ማቃለልና ታክስን መሰወር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሕግ ተማሪ ገና በጠዋቱ ይማራል፤ ቻፕማን ሰቨንን ሲሸጥ ከመጀመሪያው ወገን ነበር፡፡ በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ መጥቶ ቀዳዳው ሲደፈን ሎተስ የሰቨንን መብት ኬተርሃም ለተባለ ድርጅት አስተላለፈ፡፡ መኪናዋ ዛሬም ትመረታለች፡፡

ሰቨን በወጣችበት በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በለንደኑ የኧርልስ ኮርት የመኪና ትርዒት ላይ ኤሊት ለሕዝብ ቀረበች፡፡ በእኔ ግምት የቻፕማን ድፍረት ከሁሉም በላይ የታየው በዚህች መኪና ነው፡፡ ፋይበር ግላስን በመኪና ላይ የተጠቀመ እሱ የመጀመሪያው አልነበረም፡፡ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬትን በ1953 በፋይበር ግላስ ቦዲ አውጥቷል፡፡ በኮርቬት ላይ ግን ፋይበር ግላሱ ልብስ ብቻ ነው፤ ሸክሙን የሚችለው ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ነው፡፡ ቻፕማን ሻንሲውን ጨርሶ አስወገደው፡፡ ወለሉ፣ ጎኑ፣ ጣሪያው ተያይዞ አንድ ቅርፊት ሆነና የመኪናውን ሸክም ተሸከመ፡፡ እንቁላል ውስጡ ምሰሶ ሳይኖረው በቅርፊቱ ብቻ እንደሚቆም ዓይነት ማለት ነው፡፡ ብረት የተጨመረው ሞተሩና የፊት እግሩ በሚታሰሩበት ቦታና በፊት መስታወቱ ዙሪያ ብቻ ነበር፡፡ የመኪናዋ ጠቅላላ ክብደት 500 ኪሎ ገደማ ነው፡፡ በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከዓመት ዓመት በየደረጃዋ አሸንፋለች፡፡

ይሁን እንጂ ፋይበር ግላስ ባሕርይውን አይለቅም፡፡ በየቅርጽ ማውጫው እየተነጠፈ የሚሠራ ቅርፊት ጊዜና እጅ ይፈጃል፤ የሞተሩና የመንገዱ ድምፅም በቅርፊቱ ውስጥ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፡፡ ሎተስ በኤሊት አላተረፈም፡፡ በ1963 ምርቷ ሲቆም ከአንድ ሺህ ትንሽ የሚበልጡ መኪኖች ብቻ ነበሩ የተሠሩት፡፡ ቻፕማን ከዚህ ተማረ፡፡ በ1962 የወጣችው ኢላን መሐል ላይ እንደ አከርካሪ የቆመ የብረት ሻንሲ ተሰጣት፤ ፋይበር ግላሱ ወደ ልብስነቱ ተመለሰ፡፡ መኪናዋም ኩባንያውን አቆመችው፡፡

በ1963 ደግሞ የፎርድን የቤተሰብ መኪና ኮርቲናን ተቀብሎ በሩን፣ ኮፈኑንና የኋላ ሻንጣ ክዳኑን ከብረት ወደ አሉሚኒየም ለወጠ፤ ሞተሩንም በጠንካራ ተካው፡፡ ነጭ ተቀብታ ጎኗ ላይ አረንጓዴ መስመር የተሰመረባት ሎተስ ኮርቲና ለአሜሪካኖቹ ኮፈን ለዋጮች የቅርብ ዘመድ ናት፡፡

በፎርሙላ ዋን ያደረገው ከዚህም ይበልጣል፡፡ በ1962 ያቀረበው ሎተስ 25 የብረት ቱቦ አጽሙን ትቶ እንደ አውሮፕላን ገላ በአሉሚኒየም ቅርፊት የተሠራ ነበር፤ ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ተከተሉት፡፡ ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ በ1963 እና በ1965 በሎተስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፡፡ በዚያው በ1965 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ 500 አሸነፈ፡፡ ሎተስ በቻፕማን ዘመን በድምሩ ሰባት የአምራቾችና ስድስት የአሽከርካሪዎች የዓለም ሻምፒዮና አግኝቷል፡፡

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ፡፡ በ1960 በቤልጂግ ስፓ ልምምድ ላይ የስተርሊንግ ሞስ ሎተስ የኋላ ጎማ ተገንጥሎ ሞስ ሁለት እግሩ ተሰበረ፡፡ በዚያው ቀን ማይክ ቴይለር የተባለው ወጣት አሽከርካሪ መሪው ተሰብሮበት ከመንገድ ወጣ፤ ክፉኛ ቆሰለና ውድድር ተወ፡፡ ቴይለር ሎተስን ከሶ ተክሷል፡፡ በ1969 በባርሴሎና በተደረገው የስፔን ውድድር የሁለቱም ሎተሶች ከፍ ብለው የተተከሉ ክንፎች በየተራ ተሰብረው ግራሃም ሂልና ዮሐን ሪንት ተጋጩ፡፡ ኦስትሪያዊው ሪንት ከዚህ በኋላ ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈ፡፡ የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ መኪኖቹ ፈጣን ስለሆኑ ደካማ ቦታዎች ላይ ጥቂት ክብደት ቢጨመር ማሸነፋቸውን አይተዉም፣ እሱም በእምነት ሊነዳ የሚችለው እንዲያ ሲሆን ነው የሚል ነበር፡፡

አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 1970 በጣሊያን ሞንዛ ልምምድ ላይ የሪንት ሎተስ 72 ፍሬን ሲያዝ በድንገት ወደ ጎን ዞሮ ከብረት አጥሩ ጋር ተጋጨ፤ ሪንት ሞተ፡፡ እስከዚያ በሰበሰበው ነጥብ በዓመቱ መጨረሻ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ፡፡ ከሞተ በኋላ ይህን ማዕረግ ያገኘ ከእሱ በቀር የለም፡፡ በሎተስ 72 ላይ የፊት ፍሬኖቹ ከጎማው ተነስተው ወደ መኪናው ውስጥ ገብተው ነበር፤ ዓላማው በጎማው ላይ ያለውን ክብደት መቀነስ ነው፡፡ ፍሬኑ ከጎማው ሲርቅ ግን የማቆሙን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርስ ዘንግ ያስፈልጋል፡፡ የጣሊያን ፍርድ ቤት ምርመራ አደጋውን ያስነሳው የቀኙ የፊት ፍሬን ዘንግ መሰበር መሆኑን፣ ሪንትን የገደለው ግን በሚገባ ያልተተከለው አጥር መሆኑን ደመደመ፡፡ ቻፕማን በወንጀል ጥፋተኛ አልተባለም፡፡

የምክንያትና የውጤት ግንኙነት በሕግ ውስጥ ካሉት አስቸጋሪ ጥያቄዎች አንዱ ነው፡፡ ዘንጉ ባይሰበር አጥሩ ጋ አይደርስም ነበር፤ አጥሩ በደንብ ቢተከል የተሰበረው ዘንግ አይገድለውም ነበር፡፡ ፍርድ ቤቱ መስመሩን ያሰመረበት ቦታ ያስኬዳል ባይ ነኝ፡፡ ነገር ግን ከወንጀል በመለስ የሚጠየቅ ጥያቄ ደግሞ አለ፡፡ ከአደጋው በፊት ሊነዳ የሚቀመጠው ሰው ራሱ በጽሑፍ አስታውቋል፡፡ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ አደጋ እንደ ዱብ ዕዳ አይቆጠርም፡፡ በኮፈኑ ላይ ስፕሪንጉና ፒኑ የሚረከቡትን ሥራ በሎተስ የውድድር መኪና ላይ አንዳንድ ጊዜ የተረከበው አሽከርካሪው ነበር፡፡ በፍትሐዊነት ለመናገር ዘመኑ ራሱ ጨካኝ ነበር፤ በሌሎች ቡድኖች መኪናም ብዙ ሰው ሞቷል፡፡ ቻፕማን የቅርብ ወዳጁ ጂም ክላርክ በ1968 በጀርመን ሆክንሃይም ሲሞትበት እጅግ ማዘኑን የሚያውቁት ሁሉ መስክረዋል፡፡ ሐዘኑ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም፡፡ መኪናው ግን ከዚያ በኋላም እየቀለለ ሄደ፡፡

በ1981 ከውድድር ደንብ ጋር የገጠመው ሙግት ጠባዩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል፡፡ ደንቡ ነፋስን ለመጠቀም የተሠራ አካል ሁሉ በስፕሪንግ ከተንጠለጠለው የመኪናው ክፍል ጋር እንዳይነቃነቅ ሆኖ እንዲታሰር ያዛል፡፡ ቻፕማን በአንድ መኪና ውስጥ ሁለት የተንጠለጠሉ ክፍሎች ሠራ፤ አንዱ አሽከርካሪውን ይይዛል፣ ሌላው የነፋሱን ኃይል በቀጥታ ወደ ጎማ ያወርዳል፡፡ ደንቡ አንድ ክፍል ብቻ ይሁን አይልም ብሎ ተከራከረ፡፡ ሎተስ 88 በእንግሊዝ መርማሪዎች ዘንድ ቢያልፍም በዓለም አቀፉ አካል ታገደ፤ አንድም ውድድር ሳይጀምር ቀረ፡፡ እንደ ሕግ ሰው የቻፕማን ንባብ ከፊደሉ አንጻር ጠንካራ ነበር እላለሁ፡፡ ዳኛ ግን ፊደል ብቻ አያነብም፤ ደንቡ ለምን እንደወጣም ይጠይቃል፡፡

ከዚህ ቀደም ብሎ ሌላ ጉዳይ ተጀምሮ ነበር፡፡ ማስል ካርን በ1964 በፖንቲያክ ጂቲኦ ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ጆን ድሎሪያን ጄኔራል ሞተርስን ለቅቆ የራሱን መኪና ለመሥራት ተነሳ፡፡ በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት አጠገብ ደንመሪ ላይ ፋብሪካ አቋቋመ፡፡ አካባቢው በግጭትና በሥራ አጥነት ይታመስ ስለነበር የብሪታንያ መንግሥት ወደ 80 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አፈሰሰበት፡፡ መኪናውን ከንድፍ ወደ መንገድ የማድረሱን ሥራ በ1978 የተረከበው ሎተስ ነው፡፡ ቻፕማን የሎተስን ዓይነት አከርካሪ ሻንሲ ሰጠው፤ የውስጥ ቦዲውንም ሎተስ ባሻሻለው፣ ሬዚኑን በአየር መምጠጫ ኃይል ወደ ቅርጽ ማውጫው በሚያስገባው ዘዴ ከፋይበር ግላስ ሠራው፡፡ በላዩ የለበሰው ግን ቀለም የማይቀባ አይዝጌ ብረት ነበር፡፡

ለዚህ ሥራ ተብሎ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ በፓናማ ለተመዘገበና በጄኔቭ በኩል ለሚሠራ ጂፒዲ ለተባለ ድርጅት ተከፈለ፡፡ ገንዘቡ ለምህንድስናው አልዋለም፡፡ በየካቲት 1982 የድሎሪያን ኩባንያ በባለአደራ እጅ ገባ፤ የሒሳብ መርማሪዎችም ያንን ገንዘብ መከታተል ጀመሩ፡፡ በጥቅምት ድሎሪያን በአሜሪካ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ታሰረ፤ በ1984 በነፃ ተለቀቀ፡፡ ታኅሣሥ 16 ቀን 1982 ኮሊን ቻፕማን በኖርፎክ መኖሪያ ቤቱ በልብ ድካም ሞተ፡፡ ዕድሜው 54 ነበር፡፡

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ የሎተስ የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ፍሬድ ቡሼል በቤልፋስት ፍርድ ቤት በማጭበርበር አድማ ጥፋቱን አምኖ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፡፡ ዳኛው በዚያ ችሎት ቻፕማን በሕይወት ኖሮ ቢቀርብ ኖሮ ከአሥር ዓመት የማያንስ እስራት ይጠብቀው እንደነበር ገለጹ፡፡ ድሎሪያን አሜሪካ ስለነበር በዚህ ጉዳይ በብሪታንያ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በ2005 ሞተ፡፡

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ስለዚህ የዳኛው አስተያየት ሁለት ነገር ማለት እፈልጋለሁ፡፡ የመጀመሪያው የሕግ ነጥብ ነው፡፡ ተከሳሽ ሲሞት የወንጀል ክስ ይቋረጣል፡፡ ይህ ደንብ የወጣው ለሟቹ ክብር ብቻ አይደለም፤ መልስ መስጠት፣ ምስክር መጠየቅና ሰነድ ማቅረብ የማይችል ሰው ላይ ማስረጃ ሊመዘን ስለማይችል ነው፡፡ ቻፕማን አልተከሰሰም፣ አልተሰማም፡፡ የዳኛው ቃል የተነገረው በሌላ ሰው መዝገብ ላይ በመሆኑ ፍርድ ሊባል አይችልም፡፡ የሎተስ ወዳጆች ይህን ሲያነሱ ትክክል ናቸው፡፡

ሁለተኛው ነጥብ ግን ለእነዚሁ ወዳጆች ነው፡፡ ፍርድ አለመሰጠቱ ገንዘቡን አይመልሰውም፡፡ ያ ገንዘብ የተነሳው የደንመሪ ሠራተኞች ደመወዝ ከሚከፈልበት ኩባንያ ነው፤ ከኋላው ደግሞ የግብር ከፋዩ ኪስ አለ፡፡ ፋብሪካው ሲዘጋ ከ2,000 በላይ ሰው ሥራ አጥቷል፡፡ ኩባንያው የወደቀው በጂፒዲ ገንዘብ ብቻ ነው አልልም፤ መኪናው ውድ ነበር፣ የአሜሪካ ገበያም ቀዝቅዞ ነበር፡፡ ሆኖም ከአንድ ደካማ መዋቅር ላይ 17 ሚሊዮን ዶላር ሲነሳ ያ ሸክም ሌላ ቦታ እንደሚያርፍ ከቻፕማን የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፡፡ ሙያው ነበርና፡፡

ስለዚህ ቻፕማንን የምናስብበት መንገድ እንደየመዝገቡ መሆን አለበት ባይ ነኝ፡፡ በኤሊት ቅርፊት መዝገብ ላይ ክብር ይገባዋል፤ ሸክሙን ከብረት አንስቶ ለቅርፊቱ ሰጠ፣ ቅርፊቱም ቻለው፡፡ በሪንት መዝገብ ላይ ወንጀለኛ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ግን ነበር፡፡ በቤልፋስቱ መዝገብ ላይ ደግሞ ክሱ ሳይሰማ ተዘግቷል፡፡ የተዘጋ መዝገብ ነፃ መውጣትም ጥፋተኝነትም አይደለም፡፡ የሙያ ችሎታው ያንን መዝገብ አያጥበውም፤ ያ መዝገብም የሙያ ችሎታውን አይሰርዝም፡፡